ወይዘሮ የትም ምሳ ሲመርጡ

በዚህ ዓለም ላይ «እኔ የትም ይመቸኛል» ከሚል ሰው የከፋ አምባገነን የለም። ሌላው አምባገነን ቢያንስ የሚፈልገውን ይናገራል፤ ወይ ትታዘዙታላችሁ፣ ወይ ትሸሹታላችሁ። ይሄኛው ግን ሥልጣኑን በፈገግታ ያስረክባችኋል። «ደስ ያላችሁ ቦታ ውሰዱኝ፣ እኔ የትም ይመቸኛል» ይላችኋል። አምናችሁት አንድ ምግብ ቤት ስትጠሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ሌላ ስትጠሩ «እሱ እንኳ ድሮ ጥሩ ነበር» ይላል። አሁንም ሌላ ስትጠሩ «እንግዲህ እንዳላችሁ» ይላል፤ ይቺ «እንዳላችሁ» ስትፈታ ሞቼ ነው ቆሜ ማለት ናት።

በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። በእናንተ ቤት ከሌለ ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁና እስቲ የቤታችሁን ሰዎች ጠይቁ።

የእኛ ቤት ታላቅ እህቴ ናቸው። አንቱ ያልኳቸው ለዕድሜያቸው ብዬ አይደለም። አባታችንን እንኳ «አንተ» እያልን ነው ያደግነው። ለእህቴ አንቱታ የሰጠኋቸው እኔው ነኝ፤ የሰጠኋቸውም ከንዴት የተነሳ ነው። ሙሉ ማዕረጋቸው ክብርት ወይዘሮ የትም ይባላል። በማዕረጋቸው የምጠራቸው ግን በሌሉበት ነው፤ ፊት ለፊት «እትዬ» እና «አንቺ» ነው የምላቸው፣ ምክንያቱም ሥራቸው መጋረጃ መስፋት ስለሆነ መቀስ ከእጃቸው አይለይም። ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የመስኮቱን ወርድ በዓይናቸው ይለካሉ። እኔን «ማሙሽ» ይሉኛል። ግንባሬ ወደ ላይ ሸሽቶ ማጅራቴ ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ ለእሳቸው ግን ዛሬም ማሙሽ ነኝ።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። ግን የአባቴ ሆድ አለበት። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ታፔላ ጻፊ ነበር፤ ሥራ ቤቱን ከዘጋ ወዲህ መብላት ተወ። አልታመመም። ሐኪሙ ላይ ታች ብሎ መርምሮ ምንም አላገኘበትም። ብቻ ሱሪው ያለ ቀበቶ አልቆም አለ፣ ቀበቶውም በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት። ምግብ ይዘንለት ስንሄድ «አሁን በላሁ እኮ» ይለናል፤ ድስቱን ስንከፍተው ትናንት እንደተውነው ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ብቻውን ስለሚኖር ተቆጣጣሪ የለውም። በመጨረሻ ሐኪሙ እኔንና እህቴን ለብቻ ጠርቶ፣ ብቻውን አታብሉት፣ ሰው ወዳለበት አውጡት፣ በዚሁ ከቀጠለ አልጋ ላይ ይወድቃል አለን።

ስለዚህ የቅዳሜ ምሳ ለእኛ መዝናኛ አይደለችም። አባዬ በሳምንት ውስጥ ደህና አድርጎ የሚበላባት አንዲት ማዕድ እሷ ናት። ያቺኑ ማዕድ ነው እንግዲህ ወይዘሮ የትም በቁጥጥራቸው ሥር ያዋሏት።

እኔ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ለሰው የምለው አንድ ነገር ነው፤ መስቀለኛ ላይ አታመንታ፣ ወይ እለፍ፣ ወይ ቁም። ቅዳሜ ቤተሰቤን የምጭነውም በዚያችው በማሠልጠኛዋ መኪና ነው። ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ አለ። በአሠልጣኙ ወንበር በኩል ደግሞ ሁለተኛ ፍሬን አላት፣ ተማሪው ሰው ሊገጭ ሲል አሠልጣኙ የሚረግጠው። እኔ መሪ ስይዝ አሠልጣኙ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ መገመት አያቅታችሁም። አባዬ ከኋላ ነው።

መጀመሪያ የረገጡት ቀን ተሳስተው መስሎኝ ነበር። ወደ ዓሣ ቤቱ ግቢ ልገባ መሪውን ሳዞር መኪናዋ ቀጥ አለች። አፍንጫዋ በሩ ውስጥ፣ ጭራዋ አስፋልቱ ላይ። ከኋላችን የነበረው ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀብን። ክብርት ወይዘሮ የትም በተረጋጋ ድምፅ ይሄ ይቅር፣ ጠረጴዛው ይወዛወዛል አሉ። ከመኪና ሳንወርድ ጠረጴዛው እንደሚወዛወዝ በምን እንዳወቁ ብጠይቃቸው «ያስታውቃል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። የሕንዱ ቤት በር ላይ ረገጡ፤ ሽታው የአባዬ ኮት ላይ ይቀራል። የዓረቡ ቤት በር ላይ ረገጡ፤ አሳላፊዎቹ ሲሄዱ እግራቸውን ይጎትታሉ። የቻይናው ቤት በር ላይ ረገጡ፤ ቀይ ቀለም ሲበዛ ያማቸዋል። በየበሩ ላይ ግማሽ ገብተን ግማሽ ስንቀር አላፊ አግዳሚው ጣሪያዬ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ ያዝንልኛል። አንድ የታክሲ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልክ ልቀቅ» ብሎ መከረኝ። እኔን! የዚህን ከተማ ግማሽ ሹፌር ፍሪሲዮን ያስለቀቅኩትን ሰውዬ። አንጀቴ እያረረ አመሰገንኩት። አባዬ ከኋላ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ።

አንድ ቀን ተአምር ተፈጥሮ ጣሊያኑ ቤት ገባን። እውነቴን ነው፣ ወርደን፣ ገብተን፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። ዳቦ መጣ። ቅቤ መጣ። እኔ ዳቦውን ቀብቼ አንዴ ገምጬው ነበር። ወይዘሮ የትም መጋረጃውን ገለጥ አድርገው በመስኮቱ ወደ ጓሮ አዩ፣ አባዬን አዩ፣ መጋረጃውን መለሱ፣ ከዚያ ቦርሳቸውን አንስተው ቆሙ። ምነው ብላቸው መጋረጃው ተገልብጦ ነው የተሰፋው፣ እንዲህ ያለ ግዴለሽ ቤት ወጥ ቤቱም እንደዚሁ ነው አሉ። አሳላፊው የምግብ ዝርዝሩን እንደታቀፈ ቀረ። እኔ ዳቦውን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ወጣሁ፤ ሰው እንዴት በመጋረጃ ስፌት ከማዕድ ይነሳል? አባዬ ኮቱን ቆልፎ ተከተላቸው።

ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ አብራን ወጥታ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቷ ቁጭ ብላ ብትራብ እንደሚሻላት ነግራኝ ቀረች። አልፈረድኩባትም።

የሚያናድደኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። የሚያናድደኝ መጨረሻችን ነው። ከተማውን አካለን፣ የዓለምን ወጥ ቤት ሁሉ ንቀን፣ ዞረን ዞረን የምናርፈው የት መሰላችሁ? አውቶቡስ ማዞሪያው አጠገብ ያለችው ሾርባ ቤት። ሾርባዋ ውሃውና ድንቹ ገና ያልተዋወቁበት ሾርባ ነው። ዳቦው ሲቆረስ ይጮኻል። ጠረጴዛው ደግሞ፣ ልብ አድርጉ፣ ከአንደኛው እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። እዚህ ግን ፍሬን የለም፣ መጋረጃ የለም፣ ቀይ ቀለም የለም። ክብርትነታቸው «በቃ እዚሁ እንሁን፣ እኔ የትም ይመቸኛል» ብለው ቀድመው ይገባሉ።

አባዬም እዚያ ቤት ይበላል። ይሄን አልክድም። ሾርባውን ይጨርሳል፣ ዳቦውን ይደግማል፣ ከሾርባ ቤቷ ባለቤት ጋር ስለ ድሮ ጎርፍ ያወራል። እኔ የራሴ ማብራሪያ ነበረኝ፤ ያን ያህል ካዞሩት በኋላ ድንጋይ ቢያቀርቡለትም ይበላል። ወይዘሮ የትም አባቴን በረሃብ አንበርክከው ነው የሚያበሉት ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ለሥራ ባልደረቦቼም ነገርኳቸው፤ ለተማሪዎቼ ሳይቀር መሪ እያስያዝኩ ነግሬያቸዋለሁ። አንድ ቀን ይሄን ሥልጣን እነጥቃቸዋለሁ ብዬ ምዬ ነበር።

ያቺ ቀን ባለፈው ወር መጣችልኝ። ለአንድ የሠርግ አዳራሽ አስቸኳይ መጋረጃ ይዘው ቅዳሜን መውጣት አልቻሉም። ስልክ ደውለው አባዬን ወደ ሾርባ ቤቷ ውሰደው አሉኝ። «እሺ እትዬ» አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ነፃ እንደወጣ አገር ነበር የሚያደርገኝ።

አባዬን ከፊት አስቀመጥኩት። የትኛው ቤት እንደሚሻል አልጠየቅኩትም፤ ጥያቄ ነው እኛን የጎዳን። ቀጥ ብዬ በከተማው የታወቀው ዶሮ ጥብስ ቤት ወሰድኩት። ሰው በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅበት ቤት ነው። ያለ አንዳች ማቅማማት ገባሁ፣ አቆምኩ፣ ጥሩውን ቦታ ያዝኩ፣ አዘዝኩ። ዶሮው መጣ። ቆዳው ተንጨርጭሯል፣ ከላዩ ስቡ ያብረቀርቃል፣ ጎኑ ድንች አለ። ሰው ማለት እንዲህ ነው የሚወስነው ብዬ በሆዴ ራሴን አሞገስኩ።

አባዬ ሹካውን አነሳ። ዶሮውን ወደ አንድ ጎን ገፋው፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን። ውሃ ጠጣ። ብላ እንጂ ስለው እየበላሁ ነው እኮ አለኝ። ድንቹን በሹካው ለሁለት ከፍሎ ሁለቱንም እዚያው ተዋቸው። አልጣመህም ወይ ብዬ ስጠይቀው ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝና «በጣም ጥሩ ነው፣ አንተ ብላ» አለ። አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ ምን ያህል እንደሰጠመ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፈራሁ። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሳሁና እህቴ ጋ ደወልኩ። የደወልኩት ልቆጣ ነው፤ ይሄው እንዳስለመዱት ካላዞሩት አልበላም አለ ልላቸው። የት እንዳለን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የስፌት መኪናቸው ድምፅ ቆመ።

«ስትገቡ ቀና ብለህ ታፔላውን አይተኸዋል?» አሉኝ።

ሰው ምሳ ሊበላ ሲገባ ታፔላ ምን ያደርግለታል? ወጥቼ አየሁ። ከበሩ በላይ ቀለሙን የሚለዋውጥ የፕላስቲክ ጽሑፍ ይብለጨለጫል። ከሥሩ ግድግዳው ላይ የአሮጌ ብሎኖች ቀዳዳ አለ፤ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ያላገኘው፣ ሰፊ ሰሌዳ የሚያህል ነጭ ቦታም አለ።

እህቴ በስልኩ ውስጥ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ያ ቤት ሲከፈት ታፔላውን የጻፈው አባዬ ነው። መሰላሉን ከሥር የያዙለት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ያኔ ገና እድህ ነበር። አምና የቤቱ ባለቤቶች አውርደው ይሄን ሰቀሉ። የዓሣ ቤቱም ታፔላ የእሱ ሥራ ነበር፣ የሕንዱም፣ የዓረቡም። ጣሊያኑ ቤት ደግሞ በሩ ላይ ገና ምንም ስላልተሰቀለ ገብተን ነበር፤ የወረደው ታፔላ ግን ጓሮ ውስጥ የቆሻሻ በርሜል መከለያ ሆኖ፣ ከነጽሑፉ፣ በመስኮቱ ይታይ ነበር።

በምን አወቅሽ አልኳቸው፣ እሱ ነግሮሽ ነው? አባዬማ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም። መኪናዬ ላይ ለአሠልጣኙ የተገጠመች ትንሽ መስታወት አለች፤ ወይዘሮ የትም መንገድ ለመንገድ በእሷ ከኋላ የተቀመጠውን ሲያዩ ነው የኖሩት። በር ላይ ስንደርስ አባዬ ቀና ይላል። ጽሑፉ የእሱ ከሆነ ቀና እንዳለ ይቀመጣል፤ ካልሆነ አንገቱን ይደፋል። አንገቱን የደፋበት ቤት አንዲት ማንኪያ አይቀምስም።

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም ነበር?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ አሳላፊዋ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተ ካወቅህ ታዝንለታለህ። ያዘንክለት ቀን ደግሞ ያውቅብሃል» አሉኝ። «እኔን ስትሰድበኝ ግን ምንም አይጠረጥርም። እንዲያውም ያስቀዋል።»

 ወዲያው ግን የስፌት መኪናቸውን እያስነሱ «የቻይናው ግን እውነቴን ነው፣ ቀይ ሲበዛ ያመኛል» ብለው ዘጉት።

ወደ ጠረጴዛው ስመለስ አባዬ የወረቀቱን መሐረብ አራት አጥፎ ጣቱን ያሸው ነበር። አሳላፊዋን ጠራሁና ጎረቤት ጠረጴዛ እስኪሰማ ድረስ፣ ሙዚቃችሁ ራሴን አፈነዳው፣ እንዲህ ባለ ቤት ሰው አይበላም ብዬ ተነሳሁ። ዶሮው እንዳለ ቀረ። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ ነውር ሠርቼ አላውቅም።

«አንተም ጀመርክ?» አለኝ አባዬ፣ ኮቱን እየለበሰ። ያን ቀን ሲስቅ ያየሁት ገና ያኔ ነው።

አውቶቡስ ማዞሪያው ጋ ስንደርስ የሾርባ ቤቷን ታፔላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ሰማያዊ መደብ፣ የሚጨስ ሳህን፣ እያንዳንዱ ፊደል ከጀርባው ጥላ አለው። ጠርዙ ዝጓል። አባዬ ከሥሩ ሲያልፍ ቀና አለና ኮሌታውን አስተካከለ። ሾርባውን ጠጣ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረገ፣ ከዚያ ለእኔ የመጣውን ዳቦ ወሰደብኝ።

አሁን ተረጋጋህ እንዳትሉኝ። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ንዴቴ አድራሻ ብቻ ነው የቀየረው። በሰው እጅ የተጻፈን ነገር አውርዶ በርሜል የሚጋርድበት ማን ነው? የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ሲሰቅልስ ጻፊው በከተማው ውስጥ በሕይወት እንዳለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ፍለጋ በዚያ በር እንደሚያልፍ አያስብም? እህቴስ ብትሆን ይሄን ሁሉ ጊዜ ስንቱን ቃል አናገረችኝ። ለባልደረቦቼ ያልኩትን እንዴት አድርጌ ነው የምመልሰው?

«አናገረችኝ» ማለቴን አስተውላችሁ ይሆናል። አንቱታው ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣልኝ ብሏል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስታችንም ሾርባ ቤቷ ነበርን። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አባዬን ትቼ እህቴን ሳይ ዋልኩ። ማንኪያዋ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ አፏ ጋ ሳይደርስ ተመልሶ ይወርዳል። አባዬ ከሾርባ ቤቷ ባለቤት ጋር ጨዋታ ሲይዝ እህቴ ሳህኗን ዘንበል አድርጋ ሾርባዋን ወደ እሱ ሳህን ገለበጠችው። ዳቦው ሲያልቅ የእሷ ዳቦ እሱ ፊት ነበር። ለካስ ያንን ሾርባ ከእኔ ይልቅ የምትጠላው እሷ ናት።

አባዬን ቤቱ አድርሰን ስንመለስ ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ እንደ ሌባ ወደ መስኮቱ ዞራ መብላት ጀመረች። መኪናዋን ዳር አስይዤ አቆምኳት።

«እትዬ፣ አንቺ ግን የት መብላት ነው የምትፈልጊው?»

ለራሷ ትወስናለች ብዬ አልጠበቅኩም። ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አላመነታችም።

«ዓሣ ቤት» አለች። «ሙሉው፣ የተጠበሰው፣ ሎሚ በብዛት።»

ሄድን። በሩ ላይ ቀና ብላ አላየችም፤ ግቢውን በፍጥነት አቋርጣ ገባችና ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀመጠች። ዓሣዋን በላች። ከዚያ የእኔን ጎትታ ግማሹን በላች። መጋረጃውን አልለካችም፣ አሳላፊውን አላረመችም፤ አጥንቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደረችው። ይቺ ሴት ስንት ቅዳሜ ርቧት እንደዋለች እየቆጠርኩ የቀረውንም ዓሣ ገፋሁላት።

ስትጨርስ እጇን ጠርጋ አካባቢውን ቃኘችና ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ለአባዬ እንዳትነግረው» አለችኝ። «እዚህ ቤት በላሁ ብለህ እንዳትነግረው።»

አልነገርኩትም። ጋዜጣ ላይ መጻፌም አያሳስበኝም፤ አባዬ ጋዜጣ የሚገዛው የርዕሶቹን ፊደል አጣጣል ለመተቸት ነው፣ እስከዚህ ድረስ ወርዶ አያነብም። እናንተ ግን በየመንገዱ ታገኙት ይሆናል። ቀጠን ያለ ሽማግሌ ነው፣ በየበሩ ላይ ቀና እያለ የሚሄድ። አደራ፣ እህቴ ዓሣ እንደምትወድ እንዳትነግሩት።